የአውራ ጣት ማር

ኮልፌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮርዲ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ እንደሱ አልልም። ናፍቆትሽም አለ፣ የጉልበቴ ሕመምም አለ፣ ከሁለቱ በላይ ግን ተናድጃለሁ። ቁጣዬ ይቆየኝና መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ።

ሱቁ ደህና ነው። የቦንጋው ማር ገብቷል፣ ቅቤው ግን ዘንድሮ አላማረኝም። አልፊያ እንደምታውቂው ጨርቋን ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። «ልጅሽ አንድ ዓመት በነጻ አስተምራ ልትመለስ ነው የሄደችው፣ ምን ያስለቅስሻል?» ትለኛለች። አላለቀስኩም፣ ማር ስገለብጥ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኳት። ሃያ ዓመት ማር ስሸጥ አይታኛለች፣ አንድም ቀን ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ደብዳቤሽን ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው የበጎ ፈቃድ ማኅበራችሁ ቢሮ ሄጄ ነው የተቀበልኩት። ጸሐፊዋ «እማማ፣ ወደ ማላዊ ሰው የሚሄደው በወር አንዴ ነው፣ ስልክ አይሻልዎትም?» አለችኝ። ስልኩንማ ሞከርነው። አንቺ ኮረብታ ላይ ወጥተሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትይ ሦስቴ ተቋረጠ። በዚያ ላይ ስልክ ላይ ድምፄ ያሳብቅብኛል። ወረቀት ላይ የፈለግኩትን መሆን እችላለሁ።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ይቺ አግነስ የምትባለው ሴትዮ ማን ናት? ደብዳቤሽ ሦስት ገጽ ነው። የእሷን ስም አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈሻል፣ «እማዬ» ያልሽው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱም ለሰላምታ ነው። አግነስ ውኃ አሞቀችልኝ፣ አግነስ ዓሣ ጠበሰችልኝ፣ አግነስ ፀጉሬን ሠራችኝ። ፀጉርሽን? ከእኔ በቀር ማንም ሲነካሽ ራሴን አመመኝ የምትይ ልጅ አልነበርሽም? ማኅበሩ ቤት ይሰጥሻል አልተባለም ወይ? ለምን እሷ ቤት ገባሽ? ስንት ዓመቷ ነው? ልጅ የላትም? ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እፈልጋለሁ፣ እንደ ልማድሽ በሳቅ እንዳታልፊኝ።

በሶውን ጠዋት ጠዋት በጥብጠሽ ጠጪ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ።

እናትሽ ሸዋገነት


ካሶምቤ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ፣

አራት ጊዜ ብያለሁ፣ ቁጠሪያቸው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አይደገምም።

ማኅበሩ የሰጠኝ ቤት አለ፣ ግን ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ ሞልቷል። የመጀመሪያውን ሳምንት በጃንጥላ ሥር ነው የተኛሁት፣ አልሳቅሽም? እስኪጸዳ ድረስ ብላ አማይ አግነስ ወሰደችኝ። የተማሪዎቹን ገንፎ የምታበስለው እሷ ናት፣ በግማሽ በርሜል፣ መቅዘፊያ በሚያህል እንጨት እያማሰለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ሞቷል። አራት ወንዶች ልጆች አሏት፣ አራቱም ደቡብ አፍሪካ ለሥራ ሄደዋል። ሴት ልጅ የላትም። ጥያቄሽ በሙሉ ተመለሰ።

ክፍሌ ውስጥ ዘጠና ስድስት ልጆች አሉ። ወንበር ያለው ለሠላሳው ነው፣ ሌላው መሬት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ቀን ስሜን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስዞር ሁሉም ከኋላዬ ቆመው ፀጉሬን ሊነኩ ይሽቀዳደማሉ። ቋንቋቸውን ስሞክር በሳቅ ይፈርሳሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከዚያ ወደ ሒሳቡ እንመለሳለን። ማባዛት ሳስተምር የሚቆጠር ነገር አጣሁ። ጠጠር እንዳልል ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ጭቃ ነው። እማዬ፣ ቆርኪ ላኪልኝ። የለስላሳ፣ የቢራ፣ የተገኘውን ሁሉ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ምን ያህል እንደከበደኝ ያኔ አልጻፍኩልሽም። አሁን ቀሎኛል።

በሶውን አማይ አግነስ ቀምሳዋለች። ትንሽ ነው የቀመሰችው። ወዳዋለች።

እትዬ አልፊያን ሳሚልኝ።

ልጅሽ ዮርዲ


ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮርዲ፣

ቆርኪውን ልኬያለሁ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። በዚህ በጉልበቴ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴ ያለውን ግሮሰሪ ሁሉ ዞርኩ። አሁን ከደጃፋቸው ሳልፍ «እማማ ቆርኪ መጡ» ይባላል። በስተርጅና ስም አወጣሽልኝ። አልፊያ በሳሙና አጥባ ጸሐይ ላይ አሰጣችልኝ፣ «የሙስሊም ሴት የቢራ ቆርኪ ስታጥብ ያየ ምን ይላል» እያለች። ለሕፃናቱ ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አላደርገውም ብላለች።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ። «አማይ» ምንድን ነው? የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ አግነስ ብቻ ነበረች። ሁለተኛው ላይ አማይ አግነስ ሆነች። ጸሐፊዋ ማላዊ ኖራለችና ጠየቅኳት። ሳትደብቅ «እናት ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ «ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው፣ እርስዎንም ቢሆን እንደዚያ ይሉዎታል» አለች። ሁሉንም ሴት ነው? እሺ፣ ይሁን። እኔም እዚህ ስንቷ እማማ ትለኛለች። ግን ልጄ፣ እነሱ እማማ ሲሉኝ አንጀቴ አይላወስም።

እውነቱን ልንገርሽ። ቀንቻለሁ፣ እርር ድብን ብያለሁ። ትናንት ማር ስመዝን ሚዛኑ ላይ ዓይኔን ተክዬ «አሁን ምን እያበላቻት ይሆን» ስል ቆይቼ ደንበኛዬ ትታኝ ሄደች። አልፊያ «ልጅሽ የሚያጎርሳት ሰው ስላገኘች እልልታ እንጂ ለቅሶ ያስፈልጋል?» ትላለች። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አራት ልጅ ወልዳለች አይደል? አራት ያላት ሴት የእኔን አንዷን ለምን ትፈልጋለች?

ለገና የአንቺ አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ አነጥፋለሁ። ማንም አይተኛበትም።

እናትሽ


ካሶምቤ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ቆርኪው ደረሰ። ልጆቹ ጆንያው ሲፈታ ያሰሙትን ድምፅ ብትሰሚው ጉልበትሽ ይድን ነበር። አሁን ሰባትን በስምንት ሲያባዙ ቆርኪ ደርድረው ነው፣ ከዚያ ደግሞ ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ይሰርቁኛል። የቀረኝ ዘጠኝ መቶ ቢሆን ነው።

ባለፈው ወር ሳልጽፍ የቀረሁት ታምሜ ስለነበር ነው። አሁን ድኛለሁ፣ ስለዳንኩ ነው የምነግርሽ። ሳል ነበረኝ፣ ትኩሳትም። ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። አማይ አግነስ የገንፎ ሥራዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መድኃኒቱን ስውጥ እያስመለሰኝ ሲያስቸግራት በአውራ ጣቷ ማር እየነከረች አላሰችኝ። ከማሩ ጋር ወረደልኝ። ማር ሲሸተኝ አንቺን አስታወስኩና አለቀስኩ፣ እሷ ደግሞ ያመመኝ መስሏት አብራኝ አለቀሰች።

ሌላም ነገር አለ። ማኅበሩ ሁለተኛ ዓመት የምንፈልግ ካለን ቅጽ እንድንሞላ ብሏል። እስከ ግንቦት መጨረሻ ጊዜ አለን። እኔ ገና አልሞላሁም። አልሞላም ብዬም አልወሰንኩም። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።

አትቆጪኝ።

ዮርዲ


ኮልፌ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮርዲ፣

በአውራ ጣቷ? በአውራ ጣቷ ነው ያልሽው? ሦስቴ አነበብኩት። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ለአልፊያ ሰጠኋት። «በአውራ ጣቷ ማር እየነከረች አላሰችኝ ይላል፣ ለሳል ነው እኮ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

ማሩ ምን ዓይነት ነበር? ነጭ ነው ቀይ? የረጋ ነው ወይስ የሚፈስ? የማን ቀፎ ነው? ስንት ጊዜ ላስሽ? ሰው ነበር አጠገባችሁ? ሽማግሌ ነበር?

ለምን እንደምጠይቅሽ አታውቂም፣ ስላልነገርኩሽ ነው። በእኛ ቤት ደንብ ሰው ያልወለደውን ልጅ ልጁ ሲያደርግ ወረቀት አይፈራረምም። ሽማግሌ ያስቀምጥና አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ልጁ ከጠባ በቃ፣ የጡት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ የእኔ ነው ቢል አይሰማም። አግነስ ይህን አታውቅም ትይኝ ይሆናል፣ ለሳል ነው ያደረገችው ትይኝ ይሆናል። አውቃለሁ። ግን በዚያ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት የሚል ቅጽ አመጣሽብኝ። ማሩና ቅጹ በአንድ ደብዳቤ። እኔ ምን ልበል?

ዮርዲ፣ የማር ነገር እንዲህ የሚያሳብደኝ አንቺን የእኔ ያደረግኩሽ በእሱ ስለሆነ ነው። ከሆዴ አልወጣሽም። ዓመት ከሁለት ወርሽ ነበር። እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት፣ አባትሽ ወልደጊዮርጊስ ነፍሱን ይማረውና አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ አውራ ጣቴን ነክሬ አፍሽ ውስጥ አደረግኩ። ነከስሽኝ፣ ከዚያ ጠባሽ።

ሃያ አምስት ዓመት አፌ ላይ እየመጣ የዋጥኩትን ነገር አንዲት የማላውቃት ሴት አስወጣችብኝ። ይህን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ልጽፍ ነበር። ደብዳቤ የሚወስደው ሰው ነገ ጠዋት ይሄዳል አሉኝ።

ሸዋገነት


ካሶምቤ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ኮረብታው ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ልደውልልሽ ስልኩን ካወጣሁ በኋላ መልሼ ከተትኩት።

ተናድጃለሁ። አልዋሽሽም። ያናደደኝ አለመውለድሽ አይደለም። ይህን የነገርሽኝ አንዲት ሴት ሳሌን ስላከመችልኝ መሆኑ ነው። እኔ ሃያ አምስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ሊነገረኝ ያልቻለውን እሷ ላይ ስትቀኚ ተነገረኝ።

ስለ ጠየቅሽኝ፦ የአግነስ ማር ቀይ ነበር፣ ጭስ ጭስ ይላል። ሰው አልነበረም።

ያንቺስ? ነጭ ነበር ወይስ ቀይ? እናቴስ ማን ነበረች?

ቅጹን አልሞላሁም።

ዮርዲ


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ነጭ ነበር። የረጋ፣ የቦንጋ ነጭ ማር። ያኔ ማር አልሸጥም ነበር። መሸጥ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እናትሽ ምህረት ትባላለች። ያገሬ ልጅ ናት። ከኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፣ አስኮ ጫማ ፋብሪካ ትሰፋ ነበር። የወለደሽን ሰው አላየሁትም፣ እሷም አላነሳችውም። ጠዋት አንቺን ለእኔ ሰጥታ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። እኔና ወልደጊዮርጊስ አልወለድንም። ቀኑን ሙሉ አዝዬሽ፣ አብልቼሽ፣ እሽሩሩ ብዬሽ ውዬ፣ እሷ በሩን ስትከፍት ከጉልበቴ ወርደሽ ወደ እሷ ትድሂ ነበር። ዞረሽም አታይኝም። እኔ ቅናት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። አግነስ አዲስ አይደለችም።

ከዚያ ምህረት ታመመች፣ ሦስት ሳምንት ተኛች፣ አልተነሳችም። «ሸዋዬ፣ ልጄን አደራ» ብላኛለች። በሞተች ጊዜ ለእህቴ እንኳ የማላለቅሰውን አለቀስኩ። ከለቅሶዬ ሥር ደግሞ ትንሽ ደስ ያለው ነገር ነበር፣ አሁን በሩን ከፍቶ የሚመጣ የለም የሚል። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለአንቺ ነው የነገርኩሽ። ፍረጂብኝ።

ስታድጊ ግንባርሽ ቁርጥ የእሷ ሆነ። ሰው እንዳያየው ብዬ ፎቶዋን ከቁም ሣጥኑ ሥር ከሠርጌ ልብስ ጋር ቀበርኩት። ሳልነግርሽ የቀረሁት እንዳይከፋሽ ብዬ አይደለም። ሙት ላይ ቀንቼ ነው። ብታውቂያት እሷን እንዳትወጂብኝ። ይኸው ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ተመልከቻት። ቆንጆ ናት።

ከፎቶው ጋር አንድ ዕቃ ነጭ ማር ልኬያለሁ። ቢሮው ፈሳሽ አንቀበልም ብሎኝ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘቅዝቄ ያዝኩት። ጸሐፊዋ ጮኸች፣ ጠብ የሚል የለም። «የታል ፈሳሹ?» አልኳቸው። ተቀበሉኝ።

ማሩ ለአንቺ አይደለም፣ ለአግነስ ነው። ብዙ አስቤበታለሁ፣ ከአልፊያም ጋር ተማክሬያለሁ፣ ለእሷም ሁሉን ነግሬያታለሁ። እንዲህ አድርጊ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አስቀምጪ፣ ዋና መምህሩም አንዱ ይሁን። ምን እንደሆነ በደንብ አስረጃት፣ በግድ አይሆንም። እሺ ካለችሽ አውራ ጣትሽን ማር ነክረሽ በእኔ ስም አጥቢያት። የእኔ እጅ እዚያ ስለማይደርስ ያንቺ ይበቃል።

እሷ ሃምሳ ሁለት ናት፣ እኔ ሃምሳ ስምንት። ከጠባች ልጄ ናት። ልጄ ከሆነች ደግሞ ላንቺ እህትሽ ነች እንጂ እናትሽ አይደለችም። አማይ ትባል አትባል፣ ከዚያ በኋላ ግድ የለኝም። ልጆቼ አብረው እየኖሩ ነው እላለሁ። በልጄ አልቀናም። እቀና ይሆናል፣ ግን ይቻላል።

ስለ ሁለተኛው ዓመት ምንም አልልም። እንድትመጪ የምፈልግ መሆኔን ታውቂያለሽ። መቅረት ከፈለግሽ ቅሪ፣ አልረግምሽም፣ አንሶላውም አይነሳም። ከሆዴ እንዳልወጣሽ ባለፈው ደብዳቤ ራሴ ነኝ የነገርኩሽ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ማዘዝ አልችልም።

እናትሽ ልበል አልበል ሳስብ ቆየሁ። ብዬዋለሁ።

እናትሽ ሸዋገነት


ካሶምቤ፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

እናትሽ ልበል አልበል የምትይው ነገር ከዚህ በኋላ ይቅር። ሌላ ጊዜ ብታስቢው እቆጣለሁ።

ትእዛዝሽን ፈጽሜያለሁ። ዋና መምህሩን፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌና ጎረቤታችን የሆነችውን አሮጊት ገንፎ ማብሰያው ደጅ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ለአግነስ አስረዳኋት። መጀመሪያ ሳቀች፣ እጇን በጉልበቷ ላይ እየመታች። «እናትሽ አይታኝ አታውቅም፣ ለምን ልጄ ሁኚ ትለኛለች?» አለች። «ቀንታብሽ ነው» አልኳት። ሳቋን አቆመች። ከዚያ ነው የነገረችኝ። የእሷ እናት የሞተችው እሷ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ዘጠኝ ወር አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። ያሳደጋት ሰው ሁሉ ሥራ እያሠራ ነው ያሳደጋት።

እጇን ታጠበች፣ አፏን ታጠበች፣ ተቀመጠች። አውራ ጣቴን ነክሬ አጠባኋት። ሽማግሌው በቋንቋቸው መረቁ። ዋጥ አደረገችና «እናቴ ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። ሃምሳ ስምንት አልኳት። «በስድስት ዓመቷ ወለደችኝ ማለት ነው» ብላ እንደገና ሳቀች። ከዚያ ነጠላ በመሰለው ጨርቋ ፊቷን ሸፈነች፣ ብዙ ቆየች። ሦስቱም ሰዎች ከአግዳሚው ሳይነሱ ጠበቋት።

ማሩን ወዳዋለች። የእነሱ ቀይ ግን ይበልጣል ብላለች። ይህን ልደብቅሽ አስቤ ነበር፣ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር አልፈልግም።

በማግስቱ ቅጹን ከፍራሼ ሥር አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እዚያ መደበቄን እንዴት እንዳወቀች እንጃ። ሞልቼው ነበር፣ እማዬ። ሁለተኛ ዓመት ብዬ ሞልቼ ነበር፣ የካቲት ላይ የጻፍሽውን ባነበብኩ ማግሥት፣ በንዴት። አልሞላሁም ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነበር። አልሰጠሁትም እንጂ። አግነስ «እናታችን ብቻዋን ናት» አለችኝ። ይህን ብላ ገንፎዋን ልታማስል ወጣች። ቅጹን እሳቱ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

የምህረትን ፎቶ ሳየው መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ሁለተኛ ቀን መስታወት ፊት ከፊቴ ጎን ያዝኩት። ግንባሬ እውነትም የእሷ ነው። ቁጣዬ ግን ያንቺ ነው፣ ቅናቴም። ልጆቹ የሚተካኝን መምህር ስም ሲጠይቁኝ አልነግራችሁም ብዬ ወደ ሒሳቡ መለስኳቸው። ቆርኪዎቹን ለእነሱ እተዋለሁ።

አልፈረድኩብሽም። ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሐምሌ 12 እመጣለሁ። እትዬ አልፊያ ካልሆነች በቀር ማንንም አትጥሪ። ፎቶውን ይዤው እመጣለሁ፣ ሳሎን ውስጥ የምንሰቅልበትን ምስማር አንቺ ምቺና ጠብቂኝ።

ልጅሽ ዮርዲ